የሚንከባለል ጸሎት

ኢዛና ሰው መቼ ሊሞት እንደሚችል እየገመተ እንጀራውን የሚበላ ሰው ነው። ቴክሳስ፣ ፕሌኖ ከተማ ውስጥ አንድ መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ ላይ ተቀምጦ የሕይወት ኢንሹራንስ የሚፈልጉ ሰዎችን ማመልከቻ ያነባል። ያጨሳሉ? አባትዎ በምን ሞቱ? ሞተር ሳይክል ይነዳሉ? ወረድ ሲል ደግሞ «የግል አውሮፕላን ያበራሉ?» የሚል ጥያቄ አለ። እዚያ ላይ «አዎ» ብሎ የሞላ ሰው ባጋጠመው ቁጥር ወንድሙ ትዝ ይለዋል። ከዚያ የሰውዬውን ክፍያ ከፍ ያደርግበታል።

ያ ዓመት፣ እንደ ፈረንጆቹ 2008፣ ለሙያው የሚያኮራ አልነበረም። «ምንም ሪስክ የለውም» የተባለው የቤት ብድር ሁሉ አገሩን ይዞ ገደል ገብቶ፣ የኢዛና አለቆች ጠዋት ጠዋት አሳንሰር ውስጥ ዓይን ለዓይን መተያየት ትተዋል። እናቱ እማዋይሽ ዜናውን በቴሌቪዥን አይታ፣ «ይሄን ሁሉ የተማረ ሰው ሳያየው ቀርቶ ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«አይተውታል እማዬ። ቁጥሩ ውስጥ ግን አልነበረም።»

«ቁጥሩ ውስጥ ያልነበረ» የሚባለው ነገር ምን እንደሚመስል ጥቅምት ላይ በገዛ ዓይኑ ሊያየው ነው።

ታናሽ ወንድሙ ስምዖን አዲሰን ውስጥ ክሊኒክ የከፈተ የጥርስ ሐኪም ነው። ከሰኞ እስከ ዐርብ ሰው አፍ ውስጥ እንደ ሰዓት ሠሪ ተጠንቅቆ ይሠራል። ቅዳሜ ሲመጣ ጥንቃቄውን ከነጭ ጋውኑ ጋር ሰቅሎት ይወጣል። ከሁለት የቴክሳስ ሰዎች ጋር አዋጥቶ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወጣት አብራሪዎች ይማሩበት የነበረ ቢጫ አውሮፕላን ገዝቷል። ወንበሩ ሁለት ነው፤ የአብራሪው ከፊት፣ የተሳፋሪው ከኋላ። ወንበሮቹ ስር ወለል የሚባል ነገር የለም። እግር የሚያርፍበት ቆርቆሮ አለ፤ ከዚያ በታች ባዶ ሆድ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ደግሞ የአብራሪውን መሪ ከጅራቱ ጋር የሚያገናኙ ዘንጎችና ሽቦዎች ይተላለፋሉ። መሪው ሲሳብ አፍንጫው ቀና ይላል፤ ሲገፋ ያዘቀዝቃል። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው።

«ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል» ትለው ነበር እማዋይሽ። «አንቱ እያልክ ንዳው።»

ስምዖን አንቱ አይለውም። ይወዳደርበታል። ውድድሩ እንዲህ ነው፤ ሜዳው ላይ አናታቸው ላይ በርሜል የተደፋባቸው ረጃጅም የስልክ እንጨቶች በክብ ይተከላሉ፤ ሽማግሌ አውሮፕላኖች ከዛፍ ብዙም ሳይበልጡ፣ ክንፋቸውን ወደ መሬት አጋድለው፣ አንዱ የሌላውን ጭስ እየጠጣ እንጨቶቹን ይዞራሉ። ቀድሞ የጨረሰ ዋንጫ ይወስዳል። የተሳሳተ ምን እንደሚወስድ ኢዛና ያውቃል፤ ሥራው ነው።

የውድድሩ ቀን ጠዋት፣ ሳክሲ በምትባለው ከተማ ከእናቱ ጋር በሚኖርበት ቤት፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ሊወጣ ሲል እማዋይሽ ከኋላው ደረሰችና ከፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል አናቱ ላይ አንቆረቆረችበት።

«እማዬ፣ የሚበረው እኮ እሱ ነው።»

«አንተስ አትነዳም? እዚህ አገር ሰው የሚያልቀው በመኪና ነው ያልከኝ ማን ነው?»

ያለው እሱ ነው፤ ከነመቶኛው። አንገቱን ደፍቶ ረጠበ። ስታበቃ ከጠርሙሱ ግማሹ ብቻ ቀርቶ ነበር። እሷም ክዳኑን አጥብቃ ዘጋችና ነጠላዋ ስር ሸሸገችው። ኢዛና ሸሚዝ ሊቀይር ተመለሰ።

መንገድ ላይ ቀይ መብራት ይዞት ፍሬን ሲረግጥ ከወንበሩ ስር የሆነ ነገር ተንከባሎ ተረከዙን ነካው። ሰሞኑን እንዲህ ያደርገዋል። ከጂም የተረፈ ውሃ ይሆናል ብሎ በእግሩ ወደ ኋላ ገፋው። ቅዳሜ መኪናውን ሳጥብ አወጣዋለሁ እንዳለ ስንት ቅዳሜ አልፏል።

ውድድሩ ያለው ከዋይሊ ከተማ ወዲያ፣ ከብት በሚሰማራበት ሜዳ መሃል ባለች ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ ነው። ሥጋ የሚጠበስበት ጭስ፣ የአውሮፕላን ቤንዚን፣ የቴክሳስ ነፋስ። የደህንነት ኃላፊው ሃርላን የሚባል፣ በጉልምስናው ጥጥ እርሻ ላይ ዝቅ ብሎ እየበረረ የተባይ መድኃኒት ሲረጭ የኖረ፣ ቁመቱ እንደ በር የሆነ ሽማግሌ ነው። አብራሪዎቹንና ረዳቶቻቸውን ሰብስቦ የመፍቻ ሣጥኖችን አስከፈተ። እያንዳንዱ መፍቻ በልኩ በተቆረጠለት ጎድጓዳ ቦታ መተኛት አለበት፤ አንድ ጎድጓዳ ባዶ ከሆነ ማንም አይነሣም።

«ኪሳችሁን አራግፉ» አለ ሃርላን። «ሳንቲም፣ እስክሪብቶ፣ ማስቲካ። ሰማይ ላይ ያልታሰረ ነገር ሁሉ ጠላት ነው። ከመሪው ዘንግ ጋር የገባ አንድ ካቻቢቴ ጓደኛዬን ቀብሮታል። እኔ ነኝ አስከሬኑን የተሸከምኩት።»

ስምዖን ኪሱን አራገፈ። ኢዛና ደስ አለው። ከዚህ ሽማግሌ ጋር አንድ ቢሮ ቢሠራ ተመኘ።

ቀጥሎ አንድ ፓስተር ማይክራፎን ያዘና ለአብራሪዎቹ ጸለየ። ሰው ሁሉ ባርኔጣውን አወለቀ። ጸሎት በድምፅ ማጉያ ሲሆን አይንከባለልም፤ ስለዚህ ሃርላንም አሜን አለ።

እማዋይሽ ይህን ሁሉ ቆማ አየች። ከዚያ ወደ ሃርላን ሄደች። «ማይ ሰን» አለችው ወደ ቢጫው አውሮፕላን እያሳየች፤ በእጇም በአየር ላይ አማተበች። «ፕሊስ።»

ሃርላን ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አደረገ። «የስ፣ ማም።» እጁን ሰጥቶ ክንፉ ላይ አወጣት። ነጠላዋ በነፋስ እየተውለበለበ ወደ ፊተኛው ወንበር ጎንበስ አለች፣ አማተበች፤ አለፍ ብላ ወደ ኋለኛውም ጎንበስ አለች፣ አማተበች። ሰዉ ፎቶ አነሣት። ኢዛናም በስልኩ አነሣ። ስምዖን በዚያ ሰዓት ሽንት ቤት ወረፋ ይዟል። የብዕር ክዳን ሳይቀር ያስለቀመው ሃርላን የነጠላ እጥፋት መፈተሽ አልመጣለትም። ደግሞስ የማን እናት ትፈተሻለች?

ኢዛና ከመንደርደሪያው ዳር ተጣጣፊ ወንበር ዘርግቶ እናቱን አስቀመጠና አጠገቧ ቆመ። ሁለት ሬዲዮ ይዟል። አንዱ የሃርላንና የአብራሪዎቹ ሁሉ ነው፤ ማንም የተናገረውን ማንም ይሰማል። ሌላው የሁለቱ ወንድማማቾች ብቻ ነው። አውሮፕላኖቹ ተነሥተው ለውድድሩ ለመሰለፍ ራቅ ብለው ሲዞሩ፣ ኢዛና የሬዲዮውን አንቴና መሳብና መልሶ መክተት ጀመረ። ሁሌም ያደርገዋል።

እማዋይሽ እጁን አየችው። አንጀቷን በላት። «አትፍራ ልጄ» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ብቻውን አይደለም። ጠበሉ አብሮት አለ።»

«ተረጨ?»

«ምን ተረጨ? ወንበሩ ስር ነዋ። በጠርሙሱ።»

ኢዛና የግላቸውን ሬዲዮ አፉ ላይ አደረገ።

«ስምዖን። ማለቴ... ስማ፣ ወንበርህ ስር የጠበል ጠርሙስ አለ። እማዬ ናት።»

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። «አውቃለሁ፤ ስገባ አገኘሁት» አለ ስምዖን። «ኪሴ ውስጥ ነው፣ ዚፕ አድርጌዋለሁ።»

«ለምን አልሰጠኸኝም?»

«እሷ እያየች? ሶ፣ ምን ላድርገው፣ በመስኮት ልጣለው? ጠበል እኮ ነው። እንዳገኘሁት አትንገራት፣ ይከፋታል። አሁን ሬዲዮውን ላጠፋው ነው። ስታወራኝ እሳሳታለሁ።»

«ስምዖን—»

ጠፋ። ኢዛና ግን ትንፋሹ ተመለሰለት። ከፊታቸው በሰልፍ የመጡት አውሮፕላኖች መነሻውን መስመር እየጮኹ አለፉ፤ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ ውድድሩ ተጀመረ። ቢጫው የመጀመሪያውን እንጨት ሦስተኛ ሆኖ ዞረ። በሁለተኛው ዙር አንዱን ሰማያዊ አውሮፕላን ቀድሞ ሁለተኛ ሆነ። ስምዖን የሞተሩን ጉልበት ቆጥቦ ለመጨረሻው ዙር እንደሚያስቀምጥ ኢዛና ያውቃል፤ ገና ብዙ አለው። ሰዉ ያጨበጭባል። ለራሱ እንኳ ባላወቀው ደስታ ወደ እናቱ ጎንበስ አለና ምስጢሩን አወጣው።

«አግኝቶታል እማዬ። ኪሱ ውስጥ ከትቶታል።»

«ጎሽ።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ሁለቱንም?»

«ምን ሁለቱንም?»

«የፊቱንም የኋላውንም ነዋ። ወንበሩ ሁለት አይደል?»

«ኋላ እኮ ሰው የለም።»

«ታዲያ መልአኩ የት ሊቀመጥ ነው?» አለች እማዋይሽ።

ኢዛና የግሉን ሬዲዮ ተጫነ። ተጣራ። ደግሞ ተጣራ። ዝም። ቀና ሲል ቢጫው ሩቅ ባለው እንጨት ላይ ክንፉን አጋድሎ ሊዞር ነው። ከዙሩ መሃል አውሮፕላኑ ዝቅ አለ፤ ደረጃ ያለ መስሎት እግሩን እንደሰደደ ሰው። ከዚያ ተመለሰና ዙሩን ጨረሰ። ሰዉ «ዋው» አለ፤ ብልሃት መስሎታል። ኢዛና ብልሃት እንዳልሆነ ያውቃል። ጠርሙሱ ከኋለኛው ወንበር ስር ወርዶ ሆዱ ውስጥ ወዲህና ወዲያ እያለ ነው። ስምዖን መሪውን በሳበ ቁጥር ከዘንጉ ጋር ሊገናኝ ይችላል፤ ሲዞር ደግሞ ሁሌም ይስባል።

ሃርላን የቆመው ድንጋይ ቢወረውሩ በሚደርስበት ርቀት ነው። ሮጦ መሄድ፣ መንገር፣ ማቆም። ቀላል ነው። ኢዛና ግን እግሩ አልነቃነቅ አለው። ራሱ በጋራው ሬዲዮ ቢናገር፣ ወይም ሃርላን ተነግሮት ቢናገር፣ ሁሉም ይሰማል። ያ ሁሉ ባለ ባርኔጣ ሰው ዞሮ ነጠላ የለበሰችውን እናቱን ያያል። ስምዖን ከዚህ በኋላ ውድድር የሚባል አያይም። «ደግሞ የቀረው አንድ ዙር ብቻ ቢሆንስ? ጠርሙሱ ጥግ ይዞ ቢቀመጥስ?» ኢዛና ባለሙያ ነውና የመሆን ዕድሉን መገመት ጀመረ። እሱ በሚያነበው ማመልከቻ ላይ ስለ ልብ ሕመም፣ ስለ ስኳር፣ ስለ መጠጥ ይጠየቃል። «ይሉኝታ አለብዎት? ካለብዎት ከመቼ ጀምሮ?» የሚል ጥያቄ ግን የለበትም።

«ምን ሆነሃል?» አለችው እናቱ። ፊቱን አይታ ተነሥታለች።

«ያ የኋላው... ተንከባሎ መሪው ስር ከገባ፣ ቀና ማለት አይችልም።»

እማዋይሽ ነገሩን ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባትም። ከንፈሯ ብቻ ነጣ። «እና ምን ትገተራለህ? ንገራቸው እንጂ።»

«ሰው ሁሉ ይሰማል እማዬ።»

«ይስማ» አለችና ነጠላዋን እየጎተተች እሷው ቀደመች። ያን ጊዜ የኢዛና እግር ተፈታ። አልፏት ሮጠ።

ሃርላን ሲነገረው «ለምን» አላለም፤ አልተሳደበም። «ስፋቱ?» አለ። «ፕላስቲክ ነው መስታወት? የት ጋ?» ኢዛና እያለከለከ መለሰ። ሽማግሌው ሬዲዮውን አነሣ፤ ድምፁ እንደ ነርስ ድምፅ ነው።

«ቢጫ ሰባት፣ ሃርላን ነኝ። ክንፍህን ቀጥ አድርግ፣ ከመስመሩ ውጣ፣ በቀስታ ቀና በል። ሌሎቻችሁ ባላችሁበት ዝቅ ብላችሁ ቆዩ፤ ቢጫው መንገድ ይሰጠው።»

«ምን አጠፋሁ?» አለ ስምዖን በሬዲዮ። ተቆጥቷል።

«ኋላህ ያልታሰረ ነገር አለ።»

ቢጫው ክንፉን ቀጥ አደረገና ከክቡ ወጣ። ከሜዳው በላይ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ከፍም አላለ፣ ዝቅም አላለ። ከፊቱ የከብት አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ ወንዙን ተከትሎ የበቀለ የዛፍ ረድፍ አለ። ሞተሩ ብቻ ይሰማል።

«ሃርላን» አለ ስምዖን። ቁጣው የለም። «መሪው ወደ ኋላ አይመጣም። አንድ ነገር ይዞታል።»

«እሺ ልጄ። አትታገለው። የቀረህ ጉልበት አለ?»

«ለመጨረሻው ዙር ያስቀመጥኩት አለ።»

«መጨረሻው ዙር ይሄ ነው። ስጠው። ፍጥነቱ ራሱ ያነሣሃል።»

የሞተሩ ድምፅ ወፈረ። ዛፎቹ ቀረቡ። ኢዛና የሚያነባቸው ሰንጠረዦች ሁሉ፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ሥራ፣ ከአእምሮው ጠፉና ስምዖን ልጅ ሳለ ጋርላንድ ከነበረው አፓርትመንት ደረጃ ላይ ብስክሌት ይዞ ሲወርድ ታየው። ያኔም «አትውረድ» ብሎት ነበር። ቢጫው አፍንጫውን ሳያነሣ፣ እንደ ሊፍት፣ እንዳለ ከፍ ማለት ጀመረ። በጣም በቀስታ። የዛፎቹ ጫፍ ከሆዱ ስር ሲያልፍ ቅጠል ሲወዛወዝ ታየ። ዛፎቹ ቀሩ። አውሮፕላኑ አለ።

አንድም ሰው አላጨበጨበም። የተጠበሰው ሥጋ ማሽተቱን ቀጠለ።

ስምዖን ጅራቱን ወደ ጎን በሚያዞረው የእግር መርገጫ ብቻ ሰፊ ሰፊ ክብ እየዞረ ወደ ላይ ወጣ። ሌሎቹ አንድ በአንድ አረፉ። ከመሬት ሲታይ ቢጫው ቢራቢሮ አክሎ ነበር።

«እስካሁን ጥሩ ነው» አለ ሃርላን ሬዲዮውን ዝቅ አድርጎ፣ ለኢዛና ብቻ። «ላይ መቆየት ይችላል፤ ቤንዚኑ እስኪያልቅ። መውረድ ግን አይችልም። ሊያርፍ ሲል መሪውን መሳብ አለበት።» ጺሙን አሸት አሸት አደረገ። «ጠርሙሱ ሙሉ ነበር?»

ኢዛና ወደ እናቱ ዞረ። እማዋይሽ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አጣምራ ቆማለች። «እማዬ፣ የኋለኛው ጠርሙስ ሙሉ ነበር?»

«ግማሽ ነው» አለች። «ግማሹን ጠዋት አንተ ላይ አፈሰስኩት አይደል?»

«ግማሽ» አለ ኢዛና ለሃርላን።

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ ሰው አየ። «እርግጠኛ ናት? ውሃ የሞላው እንደ ድንጋይ ነው፣ ንቅንቅ አይልም። ግማሹ አየር ከሆነ ይጨፈለቃል።»

«ሸሚዜን ቀይሬ ነው የመጣሁት» አለ ኢዛና። ሃርላን አልገባውም፤ አልጠየቀምም።

«ቢጫ ሰባት። መሪውን በሁለት እጅህ ይዘህ እስከ ሆድህ ትስበዋለህ። ፕላስቲክ ነው፣ ግማሽ ነው፣ ይጨፈለቃል። ሲለቅ አፍንጫህ ይዘላል፤ አትደንግጥ፣ ከፍታ አለህ።»

የስምዖን ድምፅ መጣ፤ በአማርኛ፣ በሁሉም ሰው ሬዲዮ። «ኢዛና። ዘንጉ ቢሰበርስ? ያረጀ ነው እኮ።»

ቢሰበርስ የሚለው ጥያቄ መልስ አለው፤ መልሱን ሁለቱም ያውቁታል። እማዋይሽ እጇን ዘርግታ የጋራውን ሬዲዮ ከኢዛና እጅ ወሰደች። የትኛውን ቁልፍ እንደምትጫን ሃርላን በጣቱ አሳያት።

«ስምዖን» አለች።

«እማዬ።»

«ምን ትጠብቃለህ? ሳበው።»

«ጠበሉ...»

«ይፍሰስ» አለች። «ለዚህ ነው የመጣው። ሳበው ልጄ።»

ሬዲዮው ተከፍቶ ቀረ። የወንድሙ ትንፋሽ ተሰማ፣ እንደሚያምጥ ሰው ትንፋሽ፤ ከዚያ እንደ ቆርቆሮ ድምፅ «ቋ»። ላይ ያለው ቢራቢሮ ወደ ሰማይ ተወረወረ፣ ተንገዳገደ፣ ቀጥ ብሎ ሊቆም ጥቂት ቀረው። እማዋይሽ ዓይኗን አልጨፈነችም። ኢዛና ግን ጨፈነ፤ ስለዚህ አፍንጫው ተመልሶ ሲወርድና ክንፎቹ ሲስተካከሉ ያየችው እሷ ናት።

«መጣ» አለች። «ያዘው።»

ሲያርፍ እንደ ወትሮው ሁለቴ ነጠረ። ሃርላን በዚህም አልተቆጣውም።

አውሮፕላኑ ቆሞ ሞተሩ ሲጠፋ ሃርላን ሆዱ ስር ተንበርክኮ ክዳኑን ፈታና ረጅም ጉጠት ሰዶ እርጥብ ነገር ጎትቶ አወጣ። እንደ ቅጠል የተጣጠፈ ፕላስቲክ ነው፤ የጠርሙሱ ክዳን ተፈናጥሮ የት እንደገባ አልታወቀም። ክንፉ ላይ አስቀመጠው። ስምዖን ወረደና ከሱሪው ኪስ ዚፕ ከፍቶ ሌላኛውን አወጣ፤ ጎን ለጎን አቆመው። ይሄኛው እስከ አፉ ሙሉ ነው። ሁሉም ሁለቱን ጠርሙሶች አዩ። ኢዛና የትኛው ከየትኛው ወንበር ስር ቢቀመጥ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማስላት ጀመረና ራሱን ገታ።

«ልገድልህ ነበር» አለች እማዋይሽ።

«እማዬ ተይ።» ስምዖን አቀፋት። አገጩ አናቷ ላይ አርፎ፣ በላይዋ ኢዛናን አየው። «መቼ ነገረችህ?»

«ከጀመራችሁ በኋላ።»

«ወዲያው ለሃርላን ነገርከው?»

ኢዛና መሬት መሬት አየ። «ትንሽ ቆየሁ» አለ። ስምዖን ክንፉ ላይ የቆመውን ሙሉ ጠርሙስ አየ። ጠርሙሱን አግኝቶ ለማንም ሳይናገር ኪሱ የከተተ ሰው ምን ይላል?

ሃርላን ባርኔጣውን አውልቆ ቀረበ። አውሮፕላኑ ለዚህ ዓመት ከውድድር እንደወጣ ነገራቸው። ከዚያ ወደ እማዋይሽ ዞረ። «ማም፣ ክንፉ ላይ ያወጣሁዎት እኔ ነኝ። ይሄንንም እጽፈዋለሁ። አሁን ሰዎቼ ይሄን ሽማግሌ ብሎን በብሎን ይፈቱታል። ሳይለፉ ልጠይቅዎት፤ ሌላ ያስቀመጡት ነገር አለ?»

ኢዛና ተረጎመላት።

እማዋይሽ ከስምዖን እቅፍ ወጥታ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ጥያቄውን በቁም ነገር ነው የወሰደችው። ወደ ቢጫው አውሮፕላን አየች፤ በጣቷ ፊትና ኋላ አለች፤ ራሷን ነቀነቀች።

«አውሮፕላኑ ላይ የለም» አለች። ከዚያ ኢዛናን ሰረቅ አድርጋ አየችው።

ኢዛና ለሃርላን «የለም» ብሎ ተረጎመና ወደ መኪና ማቆሚያው መሄድ ጀመረ። መጀመሪያ በእርምጃ ነበር። የመኪናውን በር ከፍቶ ጠጠሩ ላይ ተንበረከከና እጁን ከሹፌሩ ወንበር ስር ሰደደ። ከፍሬኑ መርገጫ ብዙ ሳይርቅ፣ ጠዋት በተረከዙ ከገፋበት ትንሽ ወደ ፊት ተመልሶ፣ ክብ ነገር እጁን ነካው። ሳበው። ሙሉ ነው፤ እንደ ድንጋይ። በየጠዋቱ ሳክሲን ለቆ ፕሌኖ እስኪደርስ፣ በዚያ ሁሉ መኪና መሃል፣ የሰው ዕድሜ ሊገምት ሲከንፍ እግሩ ስር ነበር።

ጠርሙሱን እንደያዘ ተቀመጠ። ከሩቅ እናቱ ክንፉን ተደግፋ ከሃርላን ጋር ስታወራ፣ ሃርላንም የገባው ይመስል ራሱን ሲነቀንቅ ይታያል። ኢዛና ጠበሉን ቡና በሚቀመጥበት ቦታ አቆመው፤ ነካ ነካ አድርጎ እንደማይወድቅ አረጋገጠ። ሊነሣ ሲል መልአኩ ትዝ አለው።

የኋለኛውን በር ከፍቶ እንደገና ተንበረከከ።